የክፍል ሦስት ሰባት ቤት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእገሌ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት ለመግለጽ እወዳለሁ። እገሌ ባይኖር ኖሮ ይህች አገር በምን ትተዳደር እንደነበር ሳስበው ይጨንቀኛል። ተጠያቂ ሲጠፋ እገሌ አለ። ሐሜት ሲደራ እገሌ አለ። ስብሰባ ላይ አስተያየት የሰጠው እገሌ ነው፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ የሄደው እገሌ ነው፣ ነገ ተመለሱ ያለውም እሱ ነው። እገሊትም ብትሆን ከጎኑ ተለይታ አታውቅም። እንትንንማ ተዉት፤ የሚሸከመው ሥራ ተዘርዝሮ አያልቅም። እነዚህ ታላላቅ ባለውለታዎች እስካሁን አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳ ሳይሰጣቸው መቅረቱ በጣም ያሳዝናል።

እኔ በበኩሌ ውለታቸውን አልረሳሁም። ቡራዩ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ሳገለግል አንድም ባለጉዳይ በስሙ ጠርቼ አላውቅም። ሰው ሲገባ «ቁጥር?» እላለሁ። የፋይል ቁጥሩን የያዘ ይስተናገዳል፤ ስሙን ብቻ ይዞ የመጣ ቁጥሩን ይዞ እስኪመጣ ይመለሳል። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ዳይሬክተሩም ባደረጉት ንግግር «የመሥሪያ ቤታችን ሕያው ማህደር» ብለው አሞገሱኝ። ስማቸው አሁን ጠፋኝ እንጂ በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ።

ሱሉልታ ወዳለው ቤቴ ጠቅልዬ ስገባ ይህን የካበተ ልምዴን ይዤ ነው የገባሁት። ከዋናው ቤት ጀርባ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቼ አከራየሁ። በሮቹ ላይም በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢዬ የሚኖር ሰው ሁሉ ማንነቱ በግልጽ ታወቀ። ክፍል ሁለት የሚኒባስ ሹፌር ነው። ክፍል አራት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «ክፍል አምስት፣ መብራቱን አጥፋ» ስል ማጥፋት ያለበት ማን እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም።

ባለቤቴ ደመቀች ግን በዚህ አሠራር ላይ ከጅምሩ ቅሬታ ነበራት።

«ሰዎች ናቸው እኮ፤ ስም አላቸው» አለችኝ።

«ስም ይለዋወጣል፤ ቁጥር ግን ቋሚ ነው።»

«ስም ነው የሚለዋወጠው?»

«ተከራይ ይለቃል፤ ክፍሉ ግን አይለቅም» ስላት ወደ ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ ያሳመንኳት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰልችቻት ነው።

ክፍል ሦስት ውሃ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት የሚሠራ፣ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ አገር የመጣ ቀጭን ዝምተኛ ልጅ ነው። አራት ዓመት ተቀምጧል። በእነዚህ አራት ዓመታት በግቢዬ ውስጥ እጁ ያልነካው የተበላሸ ነገር የለም። መግባባታችንም የሚያስቀና ነበር።

«ክፍል ሦስት፣ ያ እንትን እንደገና እንትን አለ።»

«የውሃው ታንከር ነው ጋሼ?»

«አዎ። ያን እንትን ይዘህ ና።»

«መፍቻውን?»

«እሱን።»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውሃው ይመጣል። እንዲህ ተግባብተን ስንኖር ስም የሚባለው ነገር ምን ይጨምርልናል ብዬ ማሰቤ ይፈረድብኛል?

ባለፈው ጥር፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ መልስ፣ ይኸው ልጅ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሳሎኔ ገባና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ደመቀች እህቷን ልትጠይቅ ሰበታ ሄዳ ስለነበር ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነበር» አለኝ።

«ታንከሩ ነው?»

«አይደለም። ላገባ ነው።»

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ልጅቷ አያንቱ ትባላለች፤ የተዋወቁት ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ነው። አባቷ ኦቦ ደቻሳ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ላሞች የሚያረቡ የታወቁ ገበሬ ናቸው። የጸሎት ቤቱን ነገር ከልጃቸው ጋር ተከራክረው ጨርሰውታል። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ የጫንጮ ባለ ወፍጮ ለመጪው እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏል። አባቷ ደግሞ አንዴ ቃል ከሰጡ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ስለዚህ የዚህ ልጅ ሽማግሌ ቅዳሜ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ አያንቱ የወፍጮ ቤት እመቤት ሆነች ማለት ነው።

«የእኔ አባት እግራቸውን ታመው ተኝተዋል። እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ ትልቅ ሰው የለኝም» አለኝ።

ልጅ አልወለድኩም። ይህን ሲለኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «እሄድልሃለሁ፣ ልጄ» አልኩት። ከ«ክፍል ሦስት» ውጭ በሆነ ነገር ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቃሉም እንዲህ በቀላሉ ከአፌ በመውጣቱ ራሴን አደነቅሁ። ስሙን እንደማላውቅ የገባኝ ተሰናብቶኝ ወጥቶ በሩን ሲዘጋ ነው።

ጠይቀው የሚል አይጠፋም። ሰው ስሙን የሚጠየቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ወርም ይቅርታ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። አራት ዓመት ሙሉ መፍቻ ሲያስይዙት ከርመው፣ ያውም «ከእርስዎ ሌላ ትልቅ ሰው የለኝም» ባለ ማግሥት፣ «ለመሆኑ አንተ ማን ነበርክ?» ይባላል? አይባልም። በመሆኑም ጉዳዩን በሌላ መንገድ ለማጣራት ሰፊ እንቅስቃሴ ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ሰነድ መረመርኩ። የኪራይ ውላችንን ከሣጥን አወጣሁት። ውሉን በራሴ እጅ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ናሙና ላይ የገለበጥኩት ነው፤ እኔ ደግሞ ስገለብጥ ነጥብ አልስትም። «አከራይ አቶ እገሌ እና ተከራይ አቶ እገሌ በገዛ ፈቃዳችን ተስማምተን» ይላል። ከሥሩ ሁለታችንም ፈርመናል፤ የእሱ ፊርማ ሁለት ክብና አንድ ሰረዝ ነው።

ቀጥዬ የሰው ምስክር ወደ ማሰባሰቡ አለፍኩ። ክፍል አራትን በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

«ክፍል ሦስትን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

«ብሮ።»

«ብሮ የአባቱ ስም ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ወንድሜ ማለት እኮ ነው።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ አንተ እለዋለሁ» አለችና የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ነክሳ ሥራዋን ቀጠለች።

ሦስተኛው ምስክሬ ከሊፋ ነው። ከሊፋ ከግቢዬ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ሲሆን፣ ከእኔ ጋር ለሽምግልና እንዲሄድ የመረጥኩትም እሱን ነው።

«ልጁን መቼም ታውቀዋለህ» አልኩት።

«ሁለት እንቁላልን? እንዴት አላውቀውም! ጠዋት ጠዋት ሁለት እንቁላልና ሁለት ዳቦ ይወስዳል። እኔ ሁለት እንቁላል ነው የምለው። ዋናውን ስሙን አንተ ታውቀዋለህ አይደል?»

«በሚገባ» አልኩት።

የቀረችኝ ደመቀች ነበረች። ሐሙስ ማታ ሰበታ ደወልኩላት። ክብሬን በጠበቀ መንገድ ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ነው የዋልኩት።

«ደመቀች፣ ያን ልጅ እናቱ ምን ብላ ነው የምትጠራው?»

«የትኛውን ልጅ?»

«ክፍል ሦስትን።»

 «ስሙን አታውቀውም» አለችኝ።

«እንዴት አላውቀውም! ለማመሳከር ያህል ነው።»

«እንግዲያው ንገረኝና ላመሳክርልህ።»

«ኔትወርኩ አስቸገረ» ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከከሊፋ ጋር ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን፣ ከዘራችንን ይዘን በሚኒባስ ተሳፈርን። እኔ ከሊፋ የልጁን ስም ከሆነ ሰው ሰምቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ፤ ከሊፋ ደግሞ በእኔ ተማምኖ መንገዱን ሙሉ ያንቀላፋል። ኦቦ ደቻሳ ቤት ስንደርስ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ቆብ ያደረጉ ሰው በር ላይ ተቀበሉን። «አካም ቡልተኒ» ተባባልን። ግቡ አሉን፣ ገባን። ተቀመጡ አሉን፣ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አልንና ቆመን ቀረን።

ንግግሬን ለሦስት ቀን ነው የተዘጋጀሁበት። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ።

«ክቡር ኦቦ ደቻሳ፤ በዛሬው ዕለት በፊትዎ የቆምንበት ዓቢይ ምክንያት፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን መልካም ግንኙነት ይበልጥ ከማጠናከር አንጻር፣ ልጃችን ልጅዎን አያንቱን ለትዳር የሚሻት መሆኑን እየገለጽን፣ ለጥያቄያችን በጎ ምላሽ እንዲሰጠው በታላቅ ትሕትና ለማሳሰብ ነው።»

«የሚሻት ማን ነው?» አሉ።

«ልጃችን።»

«ልጃችሁ ማን ነው?»

«የታወቀ ልጅ ነው።»

«ማን ተብሎ ነው የታወቀው?»

ወደ ከሊፋ ዞርኩ። ከሊፋ በኩራት ወደ እኔ አመለከተ። «እሱ በሚገባ ያውቀዋል» አለ።

ኦቦ ደቻሳ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ይኸውላችሁ፣ እኛ ዘንድ ነገር የሚጀመረው ከሰባት ቤት ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። እስቲ ቁጠሩልኝ። ልጁ ማን፣ አባቱ ማን፣ እያላችሁ እስከ ሰባተኛው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ይኖርብኛል። እኔ በዚህ ዓለም ላይ ሳላቅማማ የምጠራቸው ሰባት ስሞች ብቻ ናቸው። እነሱንም ያወቅኋቸው ልጅ ሳለሁ አባቴ ጆሮዬን ይዞ በየምሽቱ ስላስቆጠረኝ ነው። ኦቦ ደቻሳ «ቁጠሩ» ሲሉ ጆሮዬ ጋለ፤ አፌም እኔን ሳያስፈቅድ ሥራውን ጀመረ።

«ዲሪባ ቱፋ፣ ቱፋ ጉደታ፣ ጉደታ ዋቅጅራ፣ ዋቅጅራ በዳዳ፣ በዳዳ ሮቢ፣ ሮቢ ጃርሶ!»

ቱፋ አባቴ ነው። ዲሪባም እኔ ነኝ።

 ያለ ስህተት በመቁጠሬ ለአንድ አፍታ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

«በዳዳ ሮቢ አሉ?» አሉ ኦቦ ደቻሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዳዳ ሮቢ እኮ የአባቴ አያት ናቸው። ይህ ልጅ ሊያገባት ሳይሆን እንደ ወንድም ሊጠይቃት ነበር መምጣት የነበረበት።»

በአካባቢያቸው ደንብ ልጅቷ ለሽማግሌ ስለማትታይ ተነሥተው መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ድምፃቸው ይሰማናል።

«ዲሪባ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ?»

«ዲሪባ? በሕይወቴ አላውቅም» አለ አንድ የተቆጣ የሴት ልጅ ድምፅ። «አላገባውም፤ ይሂዱ በላቸው አባ።»

ኦቦ ደቻሳ ተመልሰው መጡ። «ልጁ ዘመዷ ነው፤ አታውቀውም፤ አትፈልገውምም። በሦስቱም ወድቋል። ነገ ረፋድ ላይ ሌሎች ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ለእነሱ ቃል እሰጣለሁ። በሰላም ግቡ» አሉንና እስከ በር ሸኙን።

ሚኒባስ ስንጠብቅ ከሊፋ ራሱን ነቀነቀ። «ዲሪባ ነው ለካ ስሙ። ጥሩ ስም ነው፤ ምን ያደርጋል» አለኝ። ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነው። እኔም ስሙ ከሊፋ መሆኑን ያወቅሁት ከሱቁ በር በላይ ተጽፎ ስላየሁት ስለሆነ ልቆጣው አልቻልኩም።

ለክፍል ሦስት የማቀርበውን ሪፖርት መንገድ ላይ አዘጋጀሁ። ሂደቱ በተያዘለት መርሐ ግብር መሠረት እየተካሄደ ሲሆን፣ ጥቃቅን ተግዳሮቶች ቢያጋጥሙም፣ እያልኩ ግቢ ስገባ ልጁ ታንከሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። አያንቱ አሁን ደወለችልኝ። ዲሪባ የሚባል ሰው ዛሬ ጠዋት ሽማግሌ ልኮባታል። ስትደርሱ እነሱ እዚያ ነበሩ?»

«ተላልፈን ይሆናል» አልኩት።

«ማን ነው ይሄ ዲሪባ? እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት፤ ያውቁታል?»

ልጁ አራት ዓመት ግቢዬ ሲኖር ጋሼ ነው የሚለኝ። ደመቀች ራሷ «አንተ» ማለት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በዚያ ግቢ ውስጥ ዲሪባ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቅ የለም።

«ብዙም አላውቀው» አልኩት። ይህ ውሸት አልነበረም።

«ባገኘው እግሩን ነው የምሰብርለት» አለ፣ ያ ጉንዳን የማይረግጥ ልጅ። እኔም እግሬን ቀስ ብዬ ወደ ጋቢዬ ውስጥ ሰበሰብኩ። ቀጥሎ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አንጀቴን በላው።

«አባቷ ነገ ቃል ይሰጣሉ» አለ ከእጁ ሥር። «እናንተን ምን አሏችሁ?»

«ነገ ተመለሱ ብለውናል።» የሠላሳ አንድ ዓመት ልምድ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው የሚደርሰው።

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተ። ደመቀች ከሰበታ መመለሷ ነው፤ በአንድ እጇ ቅርጫት፣ በሌላው ፌስታል አንጠልጥላለች።

«ታመነ፣ እስቲ ይሄን ተቀበለኝ።»

«አቤት እትዬ» አለና ዓይኑን ጠራርጎ ሮጠ።

ታመነ። በቃ ይኸው ነው። ሰነድ አልተመረመረ፣ ምስክር አልተሰማ። ደመቀች በቀን አምስት ጊዜ በጆሮዬ ሥር ስትጠራው አራት ዓመት ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ሦስትን የምትጠራ መስሎኝ ሰምቻለሁ።

የዚያኑ ዕለት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በሩን አንኳኳሁ። «ታመነ፣ ሰባት ቤትህን ቁጠርልኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በስሙ የጠራሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ እንደሆነ የነቃብኝ ይመስለኛል። «ታመነ ላምቤቦ፣ ላምቤቦ ሀንዲሶ፣ ሀንዲሶ አኑሎ» እያለ እስከ ሰባተኛው አስጻፈኝ። ለደመቀች የሆነውን ሁሉ ስነግራት አላልኩህም አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ በጠዋቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌዎች ሳይደርሱ፣ ከሊፋን ከሱቁ ጎትቼ ኦቦ ደቻሳ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ሰውየው ለላሞቻቸው ድርቆሽ ይሰጣሉ። አያንቱ ጸሎት ቤት ሄዳለች።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ትናንት የቆጠርኩልዎት የራሴን ሰባት ቤት ነው» አልኩ። «ዲሪባ እኔ ነኝ።»

ድርቆሹ ከእጃቸው ወደቀ። «ልጄን ሊያገቡ የመጡት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔስ ባለትዳር ነኝ።»

«ዲሪባ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ ከሊፋ።

«እኔ ነኝ። የልጁን ስም አላውቀውም ነበር።»

«ልጁን ካወቁት ስንት ጊዜ ነው?» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«አራት ዓመት።»

ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። «ስሙን የማያውቁትን ሰው ደህና ልጅ ነው ብለው ልጄን ስጡ ይሉኛል? እንግዲህ ምኑን ነው የሚያውቁለት?»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። የተዘጋጀ ንግግርም አልነበረኝም። ያለኝን ብቻ ተናገርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል አልኩ። ከሥራ ሲመጣ ለራሱ ውሃ ሳይቀዳ የሰዎቹን ሁሉ ባልዲ ይሞላል። ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ጥሎኝ ሚስቴ ብቻዋን ስትጮህ፣ በዚያ ዝናብ አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሩ ጫማ ነው ያደረሰኝ። ሦስት ቀን ከሥራ እየመጣ አጠገቤ አድሯል። እኔ በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ እንኳ «ክፍል ሦስት፣ ውሃ» ነበር የምለው። ይህን ስናገር አፈርኩ፤ «ስሙ ታመነ ነው» ብዬ ሰባት ቤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ዘረጋሁላቸው።

ኦቦ ደቻሳ የወደቀውን ድርቆሽ ሰብስበው ለላሞቹ ሰጡ። «ልጄ ማታ ለእናቷ ስታለቅስ ታመነ ስትል ሰምቻታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት ይችን አንዲት ቃል ብትሉኝ ኖሮ እዚሁ ተቀምጠን ሻይ ጠጥተን ነበር።» ወረቀቱን ተቀብለው ሰባቱንም ስም አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የሚያገናኝ ነገር አልተገኘም። «ግቡና ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጡ ማለታቸው እሺ ማለታቸው ነው። የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌዎች አራት ሰዓት ላይ ሲደርሱ እኔና ከሊፋ ሁለተኛውን ሻይ ጀምረን ነበር።

ስንወጣ ኦቦ ደቻሳ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «እንግዲህ ሥጋዬ ነዎት» አሉኝ። «የበዳዳ ሮቢ ዘር፣ ታሞ ሳለ አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰውን ልጅ ስም ሳያውቅ አራት ዓመት ኖረ ተብሎ በሠርጉ ላይ ከሚወራ፣ ዲሪባ የሚባል አንድ እብድ መጥቶ ተመለሰ ቢባል ይሻለናል። ነገሩ ከዚህ ግቢ አይውጣ።» ለከሊፋም እንዲሁ አሳሰቡት። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው፤ ይህን ያህል ለዘመድ የሚያስብ ሰው እንዳለኝ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ቀለበቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ኦቦ ደቻሳ ግቢ ተደረገ። ድንኳን ተጥሏል፣ መዘምራኑ ተሰልፈዋል፣ ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። ሚዜዎቹ፣ ዲሪባ የተባለው ሰው ሊበጠብጥ ብቅ ካለ ብለው፣ በሩ ላይ ሁለት ፈርጣማ የፋብሪካ ልጆች አቁመዋል። ልጆቹ እኔ ስገባ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ።

ምግብ ከቀረበ በኋላ ታመነ ማይክራፎን ያዘ። ሱፉ ትንሽ ሰፍቶታል። አያንቱ አጠገቡ ቆማለች።

«አባቴ ታመው መምጣት አልቻሉም» አለ። «በአባቴ ቦታ ቆመው፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ተመላልሰው፣ ዛሬን ያሳዩኝ ሰው እዚህ አሉ።» ወደ እኔ መጣ።  «እኔ ግን ባለጌ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ጋሼ፣ ጋሼ ብቻ ስል ኖሬ ስምዎን እንኳ አልጠየቅሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በስምዎ ላመሰግንዎት እፈልጋለሁ። ማን ልበል?»

እኔ አራት ቀን ሰነድ ስመረምርና ምስክር ሳሰባስብ የከረምኩበትን ጥያቄ ልጁ በማይክራፎን ጠየቀው። ማይክራፎኑን አፌ ሥር አደረገልኝ። ሁለት መቶ ሰው ይጠብቃል። አያንቱ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ኦቦ ደቻሳ የድንኳኑን ምሰሶ አተኩረው ይመለከታሉ። ከሊፋ መጉረስ አቁሟል። በሩ ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆችም በደንብ ለመስማት አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስግገዋል።

«ጋሼ ይበቃኛል፣ ልጄ» አልኩ።

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። መድረክ የሚመራው ሰው ማይክራፎኑን ነጠቀና «ይህን ትሕትና ተመልከቱልኝ፤ ይህን ሁሉ ሠርተው ስማቸው እንዲጠራ እንኳ አልፈለጉም» እያለ ሕዝቡን ከመቀመጫው አስነሣው። ታመነ አንገቴ ሥር ገብቶ አለቀሰ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ግራና ቀኝ ጎንበስ እያልኩ አመሰገንኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያላጨበጨበችው ደመቀች ብቻ ነበረች።